በስንት? ወዴት? ቬሎሲቲን በሐይቅ መንገድ ላይ እንማር

 

በጀመዓችን ቱቶሪያል ፍሬሽ ተማሪዎችን ፊዚክስ ስናስጠና በየዓመቱ የሚደጋገም አንድ ስህተት እናያለን። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ አንድ መኪና ከአንድ ከተማ ተነስቶ ሌላ ከተማ ደርሶ ተመለሰ፤ አማካይ ቬሎሲቲው ስንት ነው? ተማሪው የሄደበትን ርቀት ሁሉ ደምሮ ለፈጀው ሰዓት ያካፍልና 40 ወይም 50 ብሎ ጽፎ በልበ ሙሉነት ይወጣል። ወረቀቱ ሲመለስ ኤክስ ተደርጎበታል። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም። ቀመሩን እንዲያውም ከእኛ ከሲኒየሮቹ በላይ ሸምድደውታል። የሚያሳስታቸው ቃሉ ነው።

በአማርኛ ስናወራ "ፍጥነት" የምትለዋ አንዲት ቃል ሁለት ሥራ ትሠራለች። መጽሐፋችን ግን "ስፒድ" እና "ቬሎሲቲ" ብሎ ይለያቸዋል። እኛ ሁለቱንም በልባችን "ፍጥነት" ብለን ስለምንተረጉም በመሃል አንድ ነገር ይወድቅብናል፤ አቅጣጫ። ስፒድ "በስንት?" ለሚለው ብቻ ይመልሳል። ቬሎሲቲ "በስንት?" እና "ወዴት?" ለሚሉት ለሁለቱም ካልመለሰ ሙሉ አይሆንም። ሹፌሩ "በ60 ነው የምነዳው" ካለ ስፒዱን ነገረን። "በ60 ወደ ሰሜን" ካለ ቬሎሲቲውን ነገረን። መምህራኖቻችን የመጀመሪያውን ዓይነት መጠን ስኬላር፣ ሁለተኛውን ቬክተር ይሉታል።

ይህን በሰሌዳ ላይ ሳይሆን ብዙዎቻችን በምናውቀው መንገድ ላይ እንየው። ከደሴ ተነስተን ወደ ሐይቅ እንሂድ።

ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ ከፍታ እየተጠማዘዘ ይወርድና ሐይቁ ወዳለበት ሜዳ ያደርሰናል። ሚኒባሳችን ተሳፋሪ እየጫነና እያወረደ 50 ደቂቃ ፈጀ እንበል። 30 ኪሎ ሜትርን ለ50 ደቂቃ ስናካፍል በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ይህ አማካይ ስፒዳችን ነው። አሁን ካርታ አውጥተን ከደሴ እስከ ሐይቅ በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር እንሳል። መስመሩ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ ይሄዳል። ይህ ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚሰመር ቀጥተኛ መስመር ከነአቅጣጫው ዲስፕሌስመንት ይባላል። አማካይ ቬሎሲቲ ማለት ዲስፕሌስመንቱ ለሰዓቱ ሲካፈል ነው። ስለዚህ 20 ኪሎ ሜትር ለ50 ደቂቃ ተካፍሎ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ሰሜን ትንሽ ወደ ምሥራቅ ባዘነበለ አቅጣጫ ይሆናል። መኪናው አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ መልሱ ግን ሁለት፤ 36 እና 24። የጎደለው 12 ያለቀው በመጠማዘዣው ነው።

ስንመለስ መንገዱ ቀሎልን 40 ደቂቃ ብቻ ፈጀ እንበል። በደርሶ መልሱ 60 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ተኩል ስለሄድን አማካይ ስፒዳችን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው። አማካይ ቬሎሲቲያችንስ? የተነሳነው ከደሴ፣ የደረስነው ደሴ። በመነሻና በመድረሻ መካከል የሚሰመር መስመር የለም። ዲስፕሌስመንቱ ዜሮ ከሆነ ለስንትም ቢካፈል ዜሮ ነው። ከላይ የጠቀስነው ተማሪ የተሸወደው እዚህ ላይ ነው። "ይህን ሁሉ መንገድ ነድቶ እንዴት ዜሮ ይሆናል?" ብሎ አእምሮው እምቢ ይለዋል። ግን ጥያቄው ስለ ድካም አልጠየቀም፤ ነዳጁንም አልጠየቀም። የጠየቀው ከቦታህ ምን ያህል፣ ወዴት ራቅህ ብሎ ነው።

ለዚህ ከሰዕይ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ሐጅ ወይም ዑምራ የሚያደርግ ሰው በሰፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ይመላለሳል። አንዱ ጉዞ 450 ሜትር ገደማ ነው፤ ሰባቱ ሲደመር 3,150 ሜትር ይሆናል። ከሰፋ ወደ መርዋ ያለውን አቅጣጫ ፕላስ፣ ከመርዋ ወደ ሰፋ ያለውን ማይነስ እንበለው። ከሰፋ ስለሚጀመር ፕላሶቹ አራት፣ ማይነሶቹ ሦስት ናቸው። ሦስቱ ከሦስቱ ጋር ተጣፍተው አንድ ፕላስ 450 ሜትር ይቀራል። ሰውየው ያለው መርዋ ላይ ነውና ሒሳቡ ልክ ነው። ሰዕዩን በ50 ደቂቃ፣ ማለትም በ3,000 ሰከንድ ቢጨርስ አማካይ ስፒዱ 1.05 ሜትር በሰከንድ፣ አማካይ ቬሎሲቲው ደግሞ 0.15 ሜትር በሰከንድ ወደ መርዋ ይሆናል። ጥያቄው ላይ ስምንት ጊዜ ቢመላለስ የሚል ቢገባ ዜሮ ይመጣ ነበር። ፈተና ላይ የማይነስ ምልክት ሲመጣ የምትደናገጡ ልጆች ይህችን ምሳሌ ያዙ። ማይነስ ማለት "ቀስ ብሎ" ማለት አይደለም፤ "ወደ ኋላ የተባለው አቅጣጫ" ማለት ብቻ ነው። የትኛውን አቅጣጫ ፕላስ እንደምንል የምንመርጠው እኛ ነን። አንዴ ከመረጥን ግን እስከ ጥያቄው መጨረሻ መቀየር አይቻልም።

እዚያው ሰዕይ ላይ ሌላም ነገር አለ። በሁለቱ አረንጓዴ ምልክቶች መካከል ወንዶች ፈጠን ይላሉ፤ ካለፉ በኋላ ወደ አረማመዳቸው ይመለሳሉ። በዚያ ቦታ ያለው ፍጥነት ከአማካዩ ይለያል። በአንዲት ቅጽበት ያለውን ፍጥነት ከነአቅጣጫው የቅጽበት ቬሎሲቲ እንለዋለን። ሚኒባሱ ውስጥ ከመሪው ኋላ ያለው ቀስት የሚያሳየው የቅጽበቱን ስፒድ ነው። ቀስቱ 70 ላይ ቆሞ ስናየው መንገዱን ሁሉ በ70 ሄድን ማለት አይደለም። ይህ ብዙም ስለማያስቸግር እንለፈው።

ወደ አቅጣጫ እንመለስ። ሐይቅ ላይ ሶላት የሰገደ ሰው ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ልብ ብሎ ይሆን? ሐይቅ ከተማ የምትገኘው በ39.7 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ገደማ ነው። መካ በ39.8 ላይ ናት። በምሥራቅና ምዕራብ በኩል የሚለያያቸው እጅግ ትንሽ ስለሆነ የሐይቅም ሆነ የደሴ ቂብላ ቀጥ ያለ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል፤ ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው አንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ርቀቱ በቀጥታ መስመር 1,120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ዓይነት ስሌት አባቶቻችን በቀላሉ አላገኙትም። አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የከተሞችን ቦታና ርቀት ስለመወሰን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የገዝናን ቂብላ ለማግኘት ብዙ ደክሟል። እኛ ስልካችንን አውጥተን እናያለን።

አሁን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበሩ ሁለት አውሮፕላኖች ከሐይቅ ሰማይ በአንድ ጊዜ ተነሱ እንበል። አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ምዕራብ። ከ1 ሰዓት ከ24 ደቂቃ በኋላ የመጀመሪያው መካ ሰማይ ላይ ነው። ሁለተኛው ሱዳን ውስጥ ካዱግሊ አካባቢ ነው። ስፒዳቸው አንድ፣ የበረሩበት ርቀት አንድ፣ ሰዓታቸው አንድ። ቬሎሲቲያቸው ግን የተለያየ ነበር፤ የደረሱበትም ቦታ ተለያየ። "አቅጣጫውን ባልጽፈውስ ምን ይጎድላል? ቁጥሩ ልክ ነው" ለሚሉን ተማሪዎች የምንመልሰው ይህንን ነው።

ከዚህ የሚቀጥል አንድ የሚረሳ ነጥብ አለ። አቅጣጫ የቬሎሲቲ አካል ከሆነ፣ ስፒዱ ሳይቀየር አቅጣጫው ብቻ ቢቀየርም ቬሎሲቲው ተቀየረ ማለት ነው። ጠዋፍ የሚያደርግ ሰው እርምጃውን ሳይለውጥ ቢዞር እንኳ በየእርምጃው ፊቱ ሌላ አቅጣጫ ስለሚይዝ ቬሎሲቲው ያለማቋረጥ ይለወጣል። ቬሎሲቲ ተለወጠ ማለት አክሰለሬሽን አለ ማለት ነው። መጠማዘዣ ላይ ሚኒባሱ ሳይፈጥን ሳይቀንስ ሲታጠፍ ጎረቤታችን ላይ የምንደገፈውም ለዚህ ነው። መኪናው አቅጣጫ ቀየረ፤ ሰውነታችን ግን በቀድሞው አቅጣጫ መቀጠል ፈለገ። መኪናውን የሚያዞረው የጎማውና የአስፋልቱ ሰበቃ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ሰበቃው ይቀንሳል፤ ስፒዱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ የሚያስፈልገው ሰበቃ አራት እጥፍ ይሆናል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሐረጎ የወጣ ሰው ይህን ቀመር ሳያውቀውም ያውቀዋል።

ሐይቅ ደርሰን ሐይቁን ሳናይ አንመለስም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት መሬት ቀድሞ ደሴት እንደነበር ይነገራል፤ ዛሬ በአንድ በኩል ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባበታል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቋቋሙት ገዳም ነው፤ በወሎ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ ስሙን እየሰማ ያድጋል። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ጥልቅ ቦታው 88 ሜትር ይደርሳል። በዳርቻው ዞሮ የሚሄድ እግረኛና በውኃው ላይ አቋርጦ የሚሄድ ታንኳ አንድ ቦታ ቢገናኙ ዲስፕሌስመንታቸው እኩል፣ ርቀታቸው የተለያየ ነው። ይህንን አሁን ለመረዳት አንቸገርም። ፈተና ላይ የሚመጣው ግን ከበድ ያለው ነው፦ ነፋስ ሲጨመርበት።

ቀዛፊው ታንኳውን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰሜን በ1.2 ሜትር በሰከንድ ይቀዝፋል እንበል። ነፋሱ ደግሞ ታንኳውን ወደ ምሥራቅ በ0.5 ሜትር በሰከንድ ይገፋል። ማዶው 3 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ብዙ ተማሪ 1.2 እና 0.5 ደምሮ 1.7 ይላል። አቅጣጫቸው አንድ ቢሆን ልክ ነበር። ሁለቱ ግን ቀጥ ባለ ማዕዘን የተያያዙ ናቸው፤ ስለዚህ በፓይታጎረስ ይደመራሉ። 1.44 እና 0.25 ሲደመር 1.69፤ ካሬ ሩቱ 1.3። ታንኳው በ1.3 ሜትር በሰከንድ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ ይሄዳል። ማዶ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? እዚህ ላይ 3,000 ሜትርን ለ1.3 የሚያካፍል አይጠፋም። ወደ ማዶ የሚወስደው ግን የሰሜኑ ክፍል ብቻ ነው፤ 3,000 ለ1.2 ሲካፈል 2,500 ሰከንድ፣ ማለትም 42 ደቂቃ ገደማ። ነፋሱ ጉዞውን አላፈጠነውም፤ አላዘገየውምም። ያደረገው ነገር ቢኖር በዚያ 2,500 ሰከንድ ውስጥ ታንኳውን 1,250 ሜትር ወደ ምሥራቅ መውሰድ ነው። ቀዛፊው ካሰበበት ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይወርዳል። ልምድ ያለው ቀዛፊ ይህን ስለሚያውቅ ከመጀመሪያው ታንኳውን ወደ ነፋሱ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ ዘንበል አድርጎ ይቀዝፋል። በእኛ ቁጥር 25 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ቢል ቀጥ ብሎ ይሻገራል፤ ግን ከጉልበቱ ከፊሉ ነፋሱን ለመቋቋም ስለሚውል 46 ደቂቃ አካባቢ ይፈጅበታል። ይህን ጥያቄ ሥዕል ሳትስሉ አትጀምሩ። ሁለት ቀስት ብቻ ሳሉ፤ ግማሹ ሥራ አለቀ።

እስካሁን ያየነው ፍጥነት ሁሉ ከመሬት ተነስቶ የተለካ ነው። ከሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ሆነን ስንለካስ? ረመዷንን እናስብ። ፀሐይ የምትጠልቅበት መስመር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይጓዛል። ለእያንዳንዱ የኬንትሮስ ዲግሪ 4 ደቂቃ ይፈጃል። በሐይቅና በባሕር ዳር መካከል 2.3 ዲግሪ ገደማ ስላለ ሐይቅ ላይ መግሪብ አዛን ተብሎ ቴምር ሲቀመስ የባሕር ዳር ጾመኛ ገና 9 ደቂቃ ይጠብቃል። ሁለቱ በቀጥታ መስመር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። አካፍሉት፤ የኢፍጣር መስመር በደቂቃ 27 ኪሎ ሜትር፣ በሰዓት 1,630 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ይሄዳል ማለት ነው። ከድምፅ ይፈጥናል።

አሁን ጾመኛው በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ውስጥ ነው። ወደ ምዕራብ ከበረረ የኢፍጣር መስመሩ ከኋላው ይከተለዋል፤ የሚቀርበው ግን በ1,630 ሳይሆን በ1,630 ሲቀነስ 800፣ በ830 ብቻ ነው። ቀኑ ይረዝምበታል። ወደ ምሥራቅ ከበረረ መስመሩ ከፊት ለፊቱ ይመጣል፤ ሁለቱ ተደምረው በ2,430 ይገናኛሉ፤ ቀኑ ያጥርለታል። ይህ ሪላቲቭ ቬሎሲቲ ይባላል። በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ ይቀናነሳል፤ ፊት ለፊት ከመጡ ይደመራል።

ይህን ሕግ በደንብ እንድትይዙት የምንፈልግበት ምክንያት ፈተና ብቻ አይደለም። ዒድ ሲደርስ ሁላችንም በመኪና ወደ ቤታችን እንበታተናለን። በዋዜማው መናኸሪያው ይጨናነቃል፤ ሹፌሩ ቶሎ ደርሶ ሌላ መጫን ይፈልጋል፤ እኛም እናታችን ጋ ለማደር እንቸኩላለን። ከወልድያ፣ ከውጫሌ፣ ከኮምቦልቻ መስመር የምትመላለሱ ታውቁታላችሁ፤ ከፊት አንድ የተጫነ አይሱዙ አለ፤ ሚኒባሱ መቅደም ይፈልጋል። እንቁጠር።

አይሱዙው በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 15 ሜትር በሰከንድ ይሄዳል። ሚኒባሱ በሰዓት 72፣ ማለትም 20 ሜትር በሰከንድ። ስናየው 20 ትልቅ ነው፤ አይሱዙውን የሚያልፍበት ፍጥነት ግን ልዩነታቸው ነው፤ 5 ሜትር በሰከንድ። ከኋላው ካለው ክፍተት ጀምሮ የአይሱዙውን ርዝመት፣ የራሱን ርዝመትና ከፊት በሰላም ገብቶ ለመቆም የሚያስፈልገውን ቦታ ስንደምር 40 ሜትር ይሁን። 40 ለ5 ሲካፈል 8 ሰከንድ። በእነዚህ 8 ሰከንዶች ሚኒባሱ በሌላው መስመር ላይ 160 ሜትር ይሄዳል። ከፊት ለፊት ሌላ መኪና በተመሳሳይ 72 ቢመጣ እሱም 160 ሜትር ይመጣል። ስለዚህ ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር ከፊቱ ቢያንስ 320 ሜትር ባዶ መንገድ ማየት አለበት። ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ በቁመት ቢደረደር ነው።

አሁን ደግሞ የአይሱዙው ሹፌር "አልቀደምም" ብሎ ትንሽ ነዳጅ ጨመረ እንበል። ከ15 ወደ 18 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት ከ54 ወደ 65 ገደማ። ተሳፋሪው ልዩነቱን ላያስተውለው ይችላል። ሪላቲቭ ቬሎሲቲው ግን ከ5 ወደ 2 ወረደ። 40 ሜትር ለ2 ሲካፈል 20 ሰከንድ። በ20 ሰከንድ ሚኒባሱ 400፣ የሚመጣው መኪና 400፤ የሚያስፈልገው ባዶ መንገድ 800 ሜትር ሆነ። ከ320 ወደ 800! እንዲህ ጠምዛዛ በሆነው የእኛ አገር መንገድ 800 ሜትር ቀጥ ብሎ የሚታይበት ቦታ ስንት ነው? ሁለቱ መኪኖች ቢጋጩ ደግሞ የሚገናኙት በ72 አይደለም፤ በ144 ነው። በሸሪዓችን ነፍስን መጠበቅ ከትልልቆቹ ዓላማዎች አንዱ መሆኑን በሐለቃችን ተምረናል። ከሹፌሩ ኋላ የተቀመጠ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ሒሳብ እያወቀ "ቅደመው እንጂ፣ ምን ታስጠብቀናለህ!" ከሚሉት ጋር ድምፁን ቢጨምር በእኛ እይታ ፊዚክስ አልተማረም፤ ኤ ቢያመጣም። "ወንድሜ፣ ቀስ በል፤ ብንዘገይም እንደርሳለን" ማለት አያሳፍርም።

ለሚቀጥለው ቱቶሪያል ሦስት ጥያቄ እንስጣችሁ። አንደኛ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንድ ባጃጅ 600 ሜትር ወደ ሰሜን፣ ከዚያ 800 ሜትር ወደ ምዕራብ በ200 ሰከንድ ሄደ፤ አማካይ ስፒዱና አማካይ ቬሎሲቲው ስንት ነው? ሁለቱ መልሶች እኩል ከሆኑባችሁ ከመጀመሪያው አንቀጽ እንደገና አንብቡ። ሁለተኛ፣ ታንኳው ከማዶ ሲመለስ ነፋሱ ወደ ሰሜን መንፈስ ቢጀምር ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ሦስተኛ፣ ከላይ ያየነው ሚኒባስ ከፊቱ ያለው አይሱዙ ሳይሆን በ10 ሜትር በሰከንድ የሚሄድ ባጃጅ ቢሆን፣ የሚያስፈልገው የ40 ሜትሩ ቦታም ወደ 30 ቢያንስ፣ ስንት ሜትር ባዶ መንገድ ያስፈልገዋል? የመጀመሪያውን ከነሥዕሉ ሠርታችሁ ኑ። ሦስተኛውን ካልቻላችሁት ባዶ ወረቀት ይዛችሁም ቢሆን ኑ፤ አብረን እንሠራዋለን ኢንሻአላህ።